ሜክ ሞድ ሲግል ምን ይደረጋል? ሙቀቱን ከምንጩ ፈልጎ የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ሜክ ሞድ (ቺፕ የሌለው፣ ባትሪው ቀጥታ ኮይሉን የሚያግልበት የቬፕ መሳሪያ) ጋለ ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ባትሪ ይቀይራል፣ ትንሽ ይቀዘቅዝለታል፣ እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይግላል፣ በመጨረሻ "ሞዱ ፌክ ነው" ብሎ ሌላ ይገዛና ያንኑ ኮይል (ጁሱን፣ ማለትም የቬፑን ፈሳሽ፣ የሚያተነው ሽቦ) ያንኑ ባትሪ አዲሱ ላይ ይገጥማል፣ አዲሱም ይግላል። የሚሳሳተው ሙቀቱ የቱ ጋር እንደሆነ ሳያይ መጠገን ስለሚጀምር ነው። ሜክ ሞድ ውስጥ ቺፕ የለም፣ ባትሪ አለ፣ ብረት አለ፣ ኮይል አለ፣ በቃ። ስለዚ የሚግልበት ቦታ ሶስት ብቻ ነው፦ ታች በተኑ (የሚጫነው ቁልፍ) ጋር፣ መሃል ባትሪው ጋር፣ ላይ አቶማይዘሩ (ኮይሉና ጥጡ ያሉበት ክፍል) ጋር። የሶስቱም ምክንያት ይለያያል፣ መፍትሄውም እንደዛው።

ይሄ አሁን ሜክ ሞድ እየተጠቀመ ላለ አዋቂ ሰው ነው የተጻፈው፣ ላልጀመረ ሰው መጀመሪያ እንዲሆን አይደለም። ኦም ሪደር (የኮይል ሬዚስታንስ መለኪያ) እና ቴስተር (የቮልት መለኪያ) የሌላችሁ ደሞ እስክትገዙ ድረስ ባትሪውን አውጥታችሁ ሞዱን አስቀምጡት።

አሁን እጃችሁ ላይ እየጋለ ከሆነ

ሌላው ይቆያል፣ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ።

1. ጣታችሁን ከበተኑ አንሱ። አንስታችሁም መጋሉን ካላቆመ ወይ በተኑ ተጣብቋል ወይ ውስጥ ሾርት አለ።

2. ገና ሞቅ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ድምጽም ሽታም ከሌለው፣ የታች ክዳኑን ፈታችሁ ባትሪውን አንሸራታችሁ አውጡት። ለዚህ ያላችሁ ጊዜ ሰከንዶች ነው። ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገሉ።

3. በእጅ መያዝ ካቃታችሁ፣ ወይ ሽሽሽ የሚል ድምጽ ከሰማችሁ፣ ወይ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ጣፋጭ ሽታ ከመጣ፣ ለመክፈት አትሞክሩ። ውጪ ሲሚንቶ ላይ አድርጋችሁ ራቁ። ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ መኪና ውስጥ አትወርውሩት።

4. ምን እንደሆነ ለማየት ብላችሁ ወደ ፊታችሁ አታስጠጉት። በ2018 ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በሜክ ሞድ ፍንዳታ የሞተው ሰው የሞተው ተፈናጥሮ ጭንቅላቱን በመታው ቁራጭ ነው። ቲዩቡ ጠንካራ ብረት ነው፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ የሚተኮሰው ከላይም ከታችም ሊሆን ይችላል።

5. እሳት ከተነሳና ወደ እቃ ከተዛመተ ውጡና ደውሉ፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112።

6. እጃችሁ ከተቃጠለ ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ እያፈሰሳችሁበት 20 ደቂቃ ያዙት። በረዶ አይደለም፣ ቅቤም አይደለም፣ ኮልጌትም አትቀቡ፣ እባካችሁ ይሄ የኮልጌት ነገር ይቅር። ውሃ ከቋጠረ ወይ ቆዳው ከነጣ ሀኪም ጋር ሂዱ።

7. ሞዱን ጥቂት ሰዓት ሳይነካ ተዉት። ያን ባትሪ ከዚህ በኋላ አትጠቀሙበት፣ ቴስተር ላይ ደህና ቮልት ቢያሳይም አትጠቀሙበት።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈልገው፦

ኦም ሪደር። ኮይል የሚለካው በዚህ ነው እንጂ በተራ ቴስተር አይደለም፣ ምክንያቱም የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው 0.1 እና 0.2 ኦም ሊኖራቸው ስለሚችል 0.2 የሆነውን ኮይል 0.4 ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። አስተማማኝ የሆነ ሬጉሌትድ ሞድ (ኃይሉን በቺፕ የሚቆጣጠር ሞድ) ካላችሁም ይለካል።

ዲሲ ቮልት የሚያነብ ቴስተር። ርካሹም ይበቃል፣ ቮልት ለማንበብ ምንም አይልም።

91 ፐርሰንት ወይ ከዛ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ሴራሚክ ወረንጦ፣ ነጭ ፎጣ። ፎጣው ነጭ ይሁን ያልኩት ከበተኑ ውስጥ የምትወጣ ትንሽ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማታሳልፍ መለያያ) ጠቆር ያለ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች አትገኝም።

ስራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ከሞዱ ይውጣ። ቀለበት፣ ሃብል፣ የእጅ ሰዓት አውልቁ፣ ባትሪውም ሳንቲምና ቁልፍ ካለበት ቦታ ይራቅ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከደረጃ 2 እስከ 4 ያለውን ሳትጨርሱ "እስቲ አሁን ይግል እንደሆነ ልየው" ብላችሁ በተኑን አትጫኑ። ሾርት ካለ ሙከራው ራሱ ነው አደጋው።

ደረጃ 2፦ ኮይሉን ለኩ፣ ሂሳቡን ስሩ

አቶማይዘሩን ኦም ሪደር ላይ እሰሩት። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዛ አቶማይዘሩን በጣት ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት። ቁጥሩ ከ0.02 በላይ ከዘለለ ሂሳብ አትስሩ፣ የሆነ ቡሎን ላልቷል ወይ የኮይሉ እግር የሆነ ነገር እየነካ ነው፣ ወደ ደረጃ 8 ሄዳችሁ አስተካክላችሁ ተመለሱ።

ቁጥሩ ከረጋ 4.2ን በኦሙ አካፍሉ። 4.2 ሙሉ የሞላ ባትሪ ቮልት ነው፣ "እኔ ግማሽ ላይ ነው የምጠቀመው" አይሰራም፣ ሁልጊዜ በሙሉው ነው የሚሰላው።

0.5 ኦም፦ 8.4 አምፒር
0.3 ኦም፦ 14 አምፒር
0.2 ኦም፦ 21 አምፒር
0.15 ኦም፦ 28 አምፒር
0.1 ኦም፦ 42 አምፒር

አሁን የባትሪያችሁን ተከታታይ የአምፒር አቅም እዩ። ሳምሰንግ 25አር 20 አምፒር ነው፣ ኤልጂ ኤችጂ2 20፣ ሳምሰንግ 30ኪው 15፣ ሶኒ ቪቲሲ5ኤ 25። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወደው "3000 ሚሊአምፒር (mAh) ስለሆነ ጠንካራ ነው" በሚለው ነው። ሚሊአምፒሩ የሚነግራችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው፣ ስንት አምፒር በአንዴ ሳይጎዳ እንደሚሰጥ አይደለም፣ እንደውም መጠኑ እኩል በሆነ ባትሪ ሚሊአምፒር ሲበዛ አምፒሩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ላዩ ላይ በትልቁ 40 አምፒር ተብሎ የተጻፈበት 18650 (የባትሪ መጠን ስም ነው) ካላችሁ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ያ ለሰከንዶች የሚሰጠው ፐልስ ነው እንጂ ተከታታይ አቅሙ አይደለም። ራሱ ባትሪ የማያመርት፣ የሌላውን ባትሪ ገዝቶ በራሱ ላስቲክ የሚጠቀልል ብራንድ ብዙ አለ፣ ያን ቁጥር አትመኑ፣ ፋብሪካው ያወጣውን ዳታሺት (የባትሪውን የቴክኒክ መረጃ) ፈልጉ።

እኔ የምለው ከአቅሙ 80 ፐርሰንት አትለፉ ነው። በዚህ ሂሳብ 15 አምፒር ባትሪ ላይ ከ0.35 ኦም በታች አትውረዱ፣ 20 አምፒር ላይ ከ0.27 በታች፣ 25 አምፒር ላይ ከ0.21 በታች። ጠንቃቃነት በዝቷል የሚል ይኖራል፣ ግን ኦም ሪደር በ0.02 ቢሳሳት ምን እንደሚሆን አስቡት፦ 0.12 ብሎ አሳይቷችሁ እውነቱ 0.10 ቢሆን 35 አምፒር ያላችሁት 42 ነው። ከታች በኩል እያንዳንዱ 0.01 ውድ ነው።

የወጣው አምፒር ከዚህ ገደብ በላይ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ፣ ማጽዳትም መፈታታትም አያስፈልግም። ወይ ኮይሉን ቀይሩ ወይ ባትሪውን። ኮይሉን መቀየር ይቀላል፣ ዙር ጨምሩበት ወይ ቀጠን ያለ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ሁለት ኮይል ከሆነ ወደ አንድ አውርዱት፣ ከሽቦ አይነቶች ካንታል ከኒክሮም ትንሽ ከፍ ያለ ኦም ይሰጣል። ንጹህ ኒኬል ሽቦ ግን ሜክ ላይ አታስገቡ፣ ኦሙ በጣም ዝቅተኛ ነው፣ የተሰራውም ሙቀት ለሚቆጣጠር ሞድ ነው።

ሁለት ባትሪ በተከታታይ ለሚደራርብ ቲዩብ፦ ቮልቱ 8.4 ነው። 0.2 ኦም እዛ ላይ 42 አምፒር ነው፣ 21 አይደለም። ከአንድ ባትሪ ሞድ ያወረዳችሁትን አቶማይዘር ዝም ብላችሁ እዛ ላይ አትሰሩት።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን መርምሩ

ባትሪው ላይ የምትፈልጉት ቀዳዳ ነው። የ18650 ባትሪ አካል ከታች እስከ ላይኛው ትከሻ ድረስ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ፖዘቲቩ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት፣ ሁለቱን የሚለያቸው ቀጭን ላስቲክ እና ከላይ ያለችው የወረቀት ቀለበት ነች። ጎኑ ላይ ላስቲኩ ከተቀደደ የባትሪው አካል ቲዩቡን ይነካና በተን ሳትጫኑ ኮይሉ ይቃጠላል። ትከሻው ላይ ከተቀደደ ደሞ የባሰ ነው፣ ፖዘቲቩን የሚነካው ብረት ትከሻውንም ከነካ በኮይል በኩል እንኳን አያልፍም፣ ቀጥታ ሾርት ነው።

በዓይን የማይታይ ቀዳዳ እንዲህ ይገኛል፦

1. ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አምፒር ላይ ወይ ኦም ላይ እንዳይሆን ሁለቴ እዩ።
2. ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያዙት።
3. ጥቁሩን ጫፍ ላስቲኩ ላይ በቀስታ አንሸራቱት፣ ጎኑን ዙሪያውን፣ በተለይ የላይኛውን ጠርዝና የታችኛውን ጠርዝ። አትጫኑት፣ ራሳችሁ እንዳትበሱት።
4. ከዜሮ አካባቢ ድንገት ወደ 3.7 ወይ 4 ቮልት ከዘለለ ጫፉ ያለበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳ ከተገኘ "ትንሽ ነች" ብላችሁ አትለፉት፣ በስኮችም አትለጥፉት። የ18650 ላስቲክ ልብስ በርካሽ ይሸጣል። አሮጌውን በጥፍር ወይ በፕላስቲክ ነገር አንሱት፣ ምላጭ አትጠቀሙ። የወረቀት ቀለበቱን ቦታው መልሱ፣ ከተጎዳ አዲስ አድርጉ። አዲሱን ላስቲክ አልብሱና በጸጉር ማድረቂያ ከሩቅ እያዞራችሁ አኮማትሩት፣ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ።

ከዛ ቮልቱን ለኩ። ከ2.5 በታች ወርዶ የተገኘ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ ይጣላል። ሞልቶ አድሮ ጠዋት ከ4.1 በታች የሚገኝ ከሆነ ውስጡ ደክሟል፣ የደከመ ባትሪ ደሞ ያንኑ ኮይል ይዞ ከድሮው በላይ ይግላል፣ መሃሉ ብቻ የሚሞቅባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው። ከቻርጀር ሲወጣ ከ4.25 በላይ ካሳየ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው፣ እሱን ጣሉት።

የተሰረጎደ፣ ያበጠ፣ ዘይት የመሰለ ነገር ያረጠበው፣ ወድቆ ጫፉ የተጣመመ ባትሪ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ደረጃ 4፦ ሀይብሪድ ነው አይደለም?

ብዙ ሰው የራሱ ሞድ ሀይብሪድ መሆኑን አያውቅም። የላይኛውን ክዳን ከውስጥ በኩል እዩት። አቶማይዘሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ባዶ ከሆነና መሃሉ ላይ የራሱ ፒን ከሌለው ሀይብሪድ ነው፣ የአቶማይዘሩ ፒን ቀጥታ ባትሪውን ነው የሚነካው።

ሀይብሪድ ላይ የአቶማይዘሩ 510 ፒን (ከታቹ መሃል ላይ ያለው ፖዘቲቭ ብረት) ከዙሪያው ጥርስ (ሲታሰር የሚዞረው ጠመዝማዛ) በግልጽ ወጣ ማለት አለበት። አቶማይዘሩን አሰሩ፣ ባትሪ ሳይገባ ከታች በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ፦ መጀመሪያ የሚታያችሁ ፒኑ መሆን አለበት፣ ከዙሪያው ብረት ጋር እኩል ከሆነ ወይ ወደ ውስጥ ከገባ አይሆንም። በጣት ስትጫኑት ወደ ውስጥ የሚሸሽ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሰራ ፒንም አይሆንም። ባትሪው ሲጫነው ፒኑ ከሸሸ የዙሪያው ብረት የባትሪውን ጫፍ ያገኘዋል፣ ከዛ በኋላ በተኑን ብትለቁም አያድናችሁም።

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ወጣ ያለ ፒን ያለው አቶማይዘር ፈልጉ ወይ ሀይብሪድ ያልሆነ ክዳን ግጠሙ። ፒኑን በካቻቢቴ ፈታ አድርጎ ማስረዘም የሚሉ አሉ፣ አታድርጉት፣ እሱን ስታላሉ ላይ የኮይሉን ፖዘቲቭ ምሰሶም ታላላላችሁ።

ደረጃ 5፦ የቱ ጋር ነው የሚግለው?

ሂሳቡ ከገደቡ ካልበለጠ፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ፣ ፒኑም ትክክል ከሆነ አሁን መሞከር ይቻላል።

1. አቶማይዘሩን አሰሩ፣ ጥጡ በጁስ የራሰ ይሁን። ባትሪውን መጨረሻ ላይ አስገቡና ክዳኑን ዝጉ።
2. በተን ሳትጫኑ ሲሚንቶ ወይ ሴራሚክ ላይ አቁሙት። 10 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ ላይ በእጅ ጀርባ ንኩት። ሳይጫኑት ከሞቀ ወዲያው ባትሪውን አውጡ፣ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።
3. ካልሞቀ ለ3 ሰከንድ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ይሄን ሶስት ጊዜ። ፊታችሁ ጋር አታድርጉት።
4. ወዲያው ሶስት ቦታ ንኩ፦ የታች ክዳኑን፣ መሃሉን፣ ከአቶማይዘሩ በታች ያለውን አንገት።

የታች ክዳኑ ከሌላው ቀድሞ ከጋለ ኮንታክት ነው፣ ደረጃ 6። መሃሉ ከሆነ ባትሪው ነው፣ ደረጃ 2 እና 3ን ድገሙ፣ ሁለቱም ደህና ነው ካላችሁ ባትሪው አርጅቷል፣ ቀይሩት። ላይ ከሆነ ደረጃ 8። ሁሉም እኩል ሞቅ ካለ ብቻና በእጅ ምቹ ከሆነ ግን ችግር የለም፣ 60 ዋት ገደማ እየተቃጠለበት ብረት ለብ ይላል፣ ሳያርፉ አስር ጊዜ መሳብ ትታችሁ ሞዱን አሳርፉት።

ደረጃ 6፦ ኮንታክት ማጽዳት

ከልምድ የምናገረው፣ ጋለ ተብሎ ከሚመጣው ብዙው እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። የቆሸሸ ኮንታክት ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፣ ትንሿ ግን በትልቅ አምፒር ስትባዛ ትንሽ አይደለችም። 0.01 ኦም ቆሻሻ ላይ 21 አምፒር ሲያልፍ 4.4 ዋት የሚሆን ሙቀት እዛችው ነጥብ ላይ ይቀራል፣ ቆሻሻው 0.02 ከሆነ ወደ 9 ዋት። ጭሱም ይደክማል፣ ሰውየው ደሞ ደከመ ብሎ ኦሙን ዝቅ ያደርገዋል፣ አምፒሩ ይጨምራል፣ የባሰ ይግላል።

የባትሪውን ታች ገልብጣችሁ እዩት። የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያዋ ቡናማ የሆነች ካለች በተኑ ሲነካና ሲለቅ ብልጭ እያለ አቃጥሎታል ማለት ነው። የበተኑም ኮንታክት ላይ አቻዋ አለች።

1. ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ስታወጡም እንዲሁ። ማግኔት ካለው የላይኛውን ፊት በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ ተገልብጦ ከገባ በተኑ ወይ ይጣበቃል ወይ አይመለስም።
2. ማግኔቱንና ኢንሱሌተሮቹን ለብቻ አስቀምጡ። ብረቱን በሞቀ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ጥርሱን በብሩሽ በደንብ ፈትጉ። የክዳኑ ጥርስ እንዲሁ መዝጊያ ብቻ አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።
3. መዳብ ከጠቆረ ሎሚና ጨው አምስት ደቂቃ፣ ከዛ በደንብ ማለቅለቅ። ብር ወይ ወርቅ የተቀባ ኮንታክት ላይ ግን ሎሚም ብርጭቆ ወረቀትም አትሞክሩ፣ ቅቡ ይነሳል።
4. ጥቁሯ ነጥብ ካልለቀቀች፣ ያልተቀባ ጥርት ያለ መዳብ ከሆነ ብቻ፣ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ። ባትሪውን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፣ በአልኮል የራሰ የጆሮ ጥጥ ይበቃዋል።
5. ኮንታክቶቹንና ጥርሱን በሙሉ በአልኮል ጥረጉ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀይሩ።
6. አድርቁ። አልኮል ይነዳል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ባትሪ አታስገቡ፣ ውሃም ጥርስ ውስጥ ይደበቃል፣ ስለዚ አንድ ሰዓት ፎጣ ላይ ተዉት።

ሲገጠም ባትሪው ቲዩቡ ውስጥ ኮል ኮል ማለት የለበትም። ነቅነቅ ስታደርጉት ድምጽ ካለ ኮንታክቱ በደንብ እየነካ አይደለም፣ ብልጭታውም ከዛ ነው የሚመጣው። ማስተካከያ ቡሎን ካለው ድምጹ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አዙሩ፣ ከዛ በላይ ካጠበቃችሁት ባትሪውን ሊሰረጉድ ወይ በተኑን ተጭኖ ሊያስቀር ይችላል።

ደረጃ 7፦ በተን፣ ሞላ፣ በራሱ የሚተኩስ ሞድ

ሳትጫኑት የሚግል ሞድ ምክንያቱ ወይ የተቀደደ ላስቲክ ነው፣ ይሄን ደረጃ 3 ላይ አይታችኋል፣ ወይ በተኑ ነው።

በተኑን ያለ ባትሪ ደጋግማችሁ ተጫኑት። ቶሎና እኩል መመለስ አለበት። ዳር ዳሩን ስትጫኑት የሚያዝ ከሆነ ጁስ ወርዶ ደርቆበታል ወይ ኢንሱሌተሩ ቀልጧል። ኢንሱሌተሯን በጣት ይዛችሁ እዩ፣ የቀለጠ ጠርዝ ወይ ቡናማ ቀለም ካላት ቀይሯት። ከደልሪን (የፕላስቲክ አይነት) የምትሰራ ከሆነ በ175 ዲግሪ አካባቢ ትቀልጣለች፣ እዛ ከደረሰች በፊት ትልቅ ሙቀት ነበር ማለት ነው፣ ስለዚ እሷን ብቻ ቀይራችሁ አትለፉ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

በሞላ የሚሰራ በተን ከሆነ ሞላው አጥሮ ወይ ጠቁሮ እንደሆነ እዩ። አንዳንድ ዲዛይን ላይ ኤሌክትሪኩ በሞላው ራሱ ውስጥ ያልፋል፣ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ይግላል፣ ሲግል ጉልበቱን ያጣል፣ ጉልበት ሲያጣ በተኑን አይመልስም። አዲስ ሞላ ግጠሙ፣ ለሞዱ የተሰራ ማግኔት ካለ እሱ ይሻላል። ከእስክሪብቶ የወጣ ሞላ አታስገቡ።

ቲዩቡ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የጋዝ ማስተንፈሻ ናቸው። በስቲከር፣ በቆዳ ሽፋን፣ በቆሻሻ የተደፈኑ ከሆነ ክፈቷቸው። ምንም ቀዳዳ የሌለው ቲዩብ ካላችሁ እኔ በበኩሌ አልጠቀምበትም።

ደረጃ 8፦ ኮይልና አቶማይዘር

አንገቱ ጋር የሚግል ከሆነ፦

የምሰሶዎቹን ቡሎን አጥብቁ። ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲግል ይለሰልሳል፣ ስለዚ አዲስ ኮይል ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። በጣም አጥብቃችሁ ደሞ ሽቦውን አትቁረጡት።

የኮይሉን እግር ትርፍ ከቡሎኑ ጠርዝ ላይ ቁረጡ። አንድ ሚሊሜትር የተረፈች ጫፍ የአቶማይዘሩ ክዳን ሲገባ ልትነካው ትችላለች፣ ኦም ሪደር ላይ ክዳኑ ሳይገባ ደህና የነበረው ክዳኑ ሲገባ ቁጥሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ክዳኑን ገጥማችሁ ድጋሚ ለኩ።

ኮይሉ ከመሃል ወደ ዳር እኩል መቅላት አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ቀድሞ ከቀላ በሴራሚክ ወረንጦ ጨመቅ አድርጉት፣ ግን ይሄን ሜክ ላይ አትስሩት፣ ሬጉሌትድ ሞድ ላይ ወይ ኮይል ማስተካከያ ሰሌዳ ላይ ዋቱን ዝቅ አድርጋችሁ ስሩት።

የአቶማይዘሩ ፖዘቲቭ ምሰሶ ስር ያለችው ኢንሱሌተር ከጠቆረች ወይ ምሰሶው በጣት የሚዞር ከሆነ አቶማይዘሩ አልቋል። ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

ሁሉንም አድርጋችሁ አሁንም ከጋለ

ደረጃ 5ን በሌላ አቶማይዘር፣ ከ0.4 ኦም በላይ በሆነ ኮይል ድገሙት። ቀዝቃዛ ከሆነ ጥፋቱ የመጀመሪያው አቶማይዘር ላይ ነው። አሁንም ያው ቦታ ከጋለ በሌላ ጤነኛ ባትሪ ሞክሩ። ሁለቱም ተቀይረው የታች ክዳኑ ከጋለ ቲዩቡ ወይ በተኑ በስራው ደካማ ነው፣ ጥርሱ ላልቷል ወይ ብረቱ ቅብ ነው እንጂ መዳብ አይደለም። እንዲህ ያለ ሞድ ላይ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፣ የቱ እንደነበረ አታውቁትም።

ኪስ፣ ቻርጀር፣ መንገድ

ባትሪ ያለበት ሜክ ሞድ ኪስ ውስጥ አይገባም፣ መቆለፊያ ቀለበት ቢኖረውም ባትሪው ይውጣ። ትርፍ ባትሪ በፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ብቻ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2009 እስከ 2016 ከሰበሰባቸው 195 የቬፕ እሳትና ፍንዳታዎች 61ዱ መሳሪያው ወይ ትርፍ ባትሪው ኪስ ውስጥ እያለ የተነሱ ናቸው።

ቻርጅ በ1 አምፒር፣ እያያችሁት፣ አልጋ አጠገብ ሳይሆን። ስትጠቀሙበት ባትሪው ወደ 3.5 ቮልት ገደማ ሲወርድ አውጡና ሙሉ ከሞላ ጋር ቀይሩ፣ ሜክ ሞድ በራሱ አያቆምላችሁም።

በአውሮፕላን ከሆነ ሞዱም ባትሪውም በእጅ ሻንጣ ነው፣ ሉጌጅ ውስጥ አይገባም። ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ደሞ ጭራሽ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል፣ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁም አትያዙ።

የማይሰራውን ባትሪ ማስወገድ

ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። ሁለቱን ጫፍ በስኮች ሸፍኑ። ሳይጎዳ ያረጀ ብቻ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ሆም ዲፖና ሎውስ በር ላይ የሚሞላ ባትሪ መቀበያ ሳጥን አላቸው፣ አውሮፓም ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች ይቀበላሉ። የጋለ፣ ያበጠ ወይ ጋዝ ያወጣ ባትሪ ግን እዛ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ አሸዋ ያለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት ውጪ አቆዩትና ለከተማችሁ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ደውላችሁ በሰጧችሁ ቀን ውሰዱት።